ከኋላ ሰው አለ

ሲስተር ዘውዴ ከሰቆጣ ስትደውልልኝ ሁልጊዜ የምትጀምረው ከልጆቼ ነው። ትልቁን በስሙ፣ ትንሿን በቁልምጫ ጠይቃ ሳትጨርስ ወደ ሌላ ወሬ አትገባም። ባለፈው ሳምንት ስትደውል ግን «የት ነህ?» ብቻ አለችኝ። ፍኖተ ሰላም፣ ቢሮዬ ውስጥ መሆኔን ነገርኋት።

«በል እንግዲህ ጥናቱን ይስጥህ። አያ ኪሮስ አረፉ።»

«ቀብሩስ?»

«ትናንት ተፈጸመ። ብንነግርህም አትደርስም ነበር፤ መንገዱን ታውቀዋለህ። ደግሞም እሳቸው ሰው ይጠብቀኝ የሚሉ ሰው አልነበሩም።»

ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር፤ የመጨረሻው ነገሯ አፌን ዘጋው። እውነቷን ነው። አያ ኪሮስ በዚህ ምድር ላይ የሚፈሩት አንድ ነገር ቢኖር፣ በእሳቸው ምክንያት ሌላ ሰው ቆሞ መጠበቁን ነበር። ሞትን እንኳ ያን ያህል ሲፈሩ አላየሁም።

ሰቆጣ የሄድሁት ውሃ ጽሕፈት ቤት ተመድቤ ነው። የጎጃም ሰው ነኝ፤ እንደ ደረስሁ ከተማዋ አልጣመችኝም፤ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ዝውውር ጠየቅሁ። የተከራየሁት ክፍል ደግሞ ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ኖሯል። ወፍጮው ገና ሳይነጋጋ ይነሳና አልጋዬን ያንቀጠቅጠዋል። አንድ ማለዳ ትዕግሥቴ አለቀና ልጣላ ሄድሁ።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጮህሁ። ከውስጥ እስከ ቅንድባቸው ዱቄት የለበሱ ረጅም ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ። በወፍጮው ጩኸት የተነሳ የምለውን አይሰሙም፤ ኋላ እንደተረዳሁት ጆሯቸውም ከብዶ ነበር። እኔን አይተው ወዲያው ከጀርባዬ አዩ። ቀኝ እጃቸውን እስከ ራሳቸው ድረስ አነሱ፤ መዳፋቸውን ገልብጠው ቀስ ብለው ወደ ፊት ዘረጉት፤ አንገታቸውንም ትንሽ ሰበር አደረጉ። ዞር ስል ጤፍ የተሸከመች ሴት በሩን ዘግቼባት ቆማለች። ጥግ ያዝሁ፤ አለፈች። ሽማግሌው መጥተው በጆሮዬ፣

«ወንድምዓለም፣ ከኋላህ ሰው አለ» አሉኝ።

ከአንደበታቸው የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ጠቡን ረስቼው ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

አያ ኪሮስ በጎልማሳነታቸው አዲስ አበባ ነበሩ። ጎልፍ ሜዳ ላይ የተጫዋቾችን የዱላ ቦርሳ እየተሸከሙ ነው ብዙ ዘመን የኖሩት። ከተጫዋቾቹ ጋር ከአንዱ ጉድጓድ ወደ አንዱ ሲመላለሱ ጨዋታውንም ሕጉንም ጠጡት። ሰውነታቸው ሲደክም ወደ አገራቸው ተመለሱና ያችን ወፍጮ ተከሉ። ሲሰናበቱ ተጫዋቾቹ ያረጁ ዱላዎቻቸውን ሰጥተዋቸው ነበር፤ በጆንያ ጠቅልለው አውቶቡስ ላይ ጭነው ሲያመጡት የሰቆጣ ሰው የወፍጮ ብረት መስሎት ተሻምቶ አወረደላቸው።

ከከተማው በታች ሰፊ መስክ አለ። ድርቆሹ ከታጨደ በኋላ ሣሩ አጭር ይሆናል። አያ ኪሮስ የአካባቢውን ሽማግሎች ለምነው፣ የድልህ ቆርቆሮ ቀብረው ጉድጓድ ሠሩ፤ በየጉድጓዱ ዳር የባሕር ዛፍ ሽመል ተክለው የጆንያ ቁራጭ አሰሩበት። የአገሩ ሰው ገናን ያውቃል፤ ሮጦ፣ ተጋፍቶ፣ ቅልጥም ተሰባብሮ ነው የሚጫወተው። ይህኛው ግን እያንዳንዱ የራሱን ኳስ መትቶ ዝም ብሎ የሚከተልበት ሆነበት። «የሽማግሌ ገና» ብሎ ስም አወጣለት። ከሥራ መልስ የሚሠራው ያጣ የመንግሥት ሠራተኛ ግን ቀስ በቀስ ተሰበሰበ። ሲስተር ዘውዴ ከሆስፒታል፣ የሒሳብ መምህሩ ደሳለኝ ከትምህርት ቤት፣ እኔም ከውሃ ቢሮ።

የመጀመሪያውን ቀን ሳስታውስ ዛሬም ያስቀኛል። መነሻው ላይ ቆምንና አያ ኪሮስ «ጀምሩ» አሉ። እኔ በፍጹም አልሁ፤ ሽማግሌ ቆሞ! «እርስዎ ይቅደሙ እንጂ!» እሳቸው እምቢ ሲሉ ወደ ሲስተር ዘውዴ ዞርሁ። ሲስተር ዘውዴ ለደሳለኝ አሳለፈችው። ደሳለኝ፣ «ኧረ በጊዮርጊስ! እኔ የአገሩ ልጅ፣ እንግዳ ቆሞ?» ብሎ ለእኔ መለሰው። እኔም አገሬ ያስተማረችኝን አውቃለሁና በእምነቴ ጸናሁ። እንዲህ ስንገባበዝ ከኛ በኋላ የመጡ ሌሎች ሠራተኞች ዱላቸውን ተደግፈው ፀሐይ ላይ ደረቁ። አያ ኪሮስ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉት።

«ስሙ» አሉ። «በር ላይ ‹ግቡ ግቡ› መባባል ያምራል፤ ቤቱ የትም አይሄድም። እዚህ ግን አንተ ስትግደረደር ከኋላ ያለው ሰው ቆሟል። እዚህ ሜዳ ላይ አክብሮት ማለት ‹ቅደም› ማለት አይደለም። ከኋላ ያለውን አለማቆም ነው። የተዘጋጀ ይምታ!»

ሲስተር ዘውዴ ወዲያው መታች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜዳው የሚተዳደረው በዚህ ነበር።

ሕጋቸው ብዙ አልነበረም፤ ቀልድ ግን አያውቅም። ጉድጓዱ ዳር ቆሞ ወሬ የለም። አንዴ እንግዳ መጣና ኳሱን ሳይነካ ዱላውን በባዶ ሲያወናጭፍ፣ ሲያወናጭፍ ቆየ። «ጌታዬ፣ አየሩ በቃው፤ አሁን ኳሱን» አሉት። ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ መስኩን ያቋርጠዋል፤ የተጫነ አህያ ወይም ሸክም ያላት ሴት ስትመጣ ሁሉም ቆሞ ያሳልፋል። ቀብር ሲመጣ ደግሞ ባርኔጣ ይወልቃል። ቀርፋፋ ከሆንህና ከኋላህ የደረሰብህ ካለ ጥግ ይዘህ ታሳልፈዋለህ። እሳቸው ትናንት ዱላ የጨበጠውን ሁሉ በዚያችው እጃቸው ሲያሳልፉ ቅር ይለኝ ነበር።

«አያ ኪሮስ፣ ልጅ ሽማግሌን አልፎ ሲሄድ አያስነውርም?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ታዲያ በዕድሜዬ ልከበር ብዬ ሰው ላስቁም?» አሉኝ።

ኳስ ብርቅ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በሰው ሻንጣ ካልመጣ የለም። ስለዚህ ኳስ የጠፋበት ሰው መስኩን በእንብርክኩ ቢፈልግ አይፈረድበትም። አያ ኪሮስ ግን ለፍለጋው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ነው የሚሰጡት። ኳስ ሲጠፋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መድገም ይጀምራሉ፤ እኛ በየቁጥቋጦው እንርመሰመሳለን። «አሜን» ሲሉ ፍለጋው አበቃ፤ ኳሱ እዚያው ይቀራል። ደሳለኝ ከቁጥቋጦ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ፣ «አያ ኪሮስ፣ በሞቴ ቀስ ብለው ይድገሙት!» ይላቸዋል።

«ጸሎት ለኳስ አይለጠጥም» ነው መልሳቸው።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። በጦርነቱ መንገድ በተዘጋበት ሰሞን መስኩ ባዶውን ከርሞ ነበር፤ ሲከፈት መጀመሪያ ወርደው ሽመሎቹን የተከሉት እሳቸው ናቸው። እኔም ቤተሰቤ ፍኖተ ሰላም ነውና የዝውውር ጥያቄዬን በየዓመቱ አስገባለሁ እንጂ ልቤ ከሰቆጣ ጋር ታርቋል። እንዲያው እንዲህ ያለ ነገር ሲሞላ ነው የሚጎድለው።

መጀመሪያ ያየነው እጃቸውን ነው። እህል ወደ ወፍጮው ሲጨምሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀጥሎ እግራቸው ታሰረ፤ ለመነሳት ያቅማማል፣ ከተነሳ በኋላ መሬቱን እየጠረገ ይሄዳል። ሲስተር ዘውዴ ብቻዬን ጠርታ፣ «ቀስ በቀስ የሚያስር በሽታ ነው፤ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም» አለችኝ። ወፍጮውን ለሌላ ሰው አከራዩት። ሜዳውን ግን አልተዉም።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ከቢሮዬ መስኮት ወደ መስኩ ስመለከት ብቻቸውን አየኋቸው። ማንም በማይወርድበት ሰዓት፣ ከብት እንኳ ጥላ በሚፈልግበት፣ አያ ኪሮስ ኳሳቸውን መትተው ያዘግማሉ፤ ይቆማሉ፤ እንደገና ያዘግማሉ። በዚያ ሰዓት ከኋላቸው ማንም ስለማይኖር ነው። ይህ ሲገባኝ ለሲስተር ዘውዴ ነገርኋት፤ «ፀሐይ ይገድልዎታል» ብላ ተቆጥታ ከኛ ጋር መለሰቻቸው።

ከተመለሱ በኋላ እኛ ተንኮል ጀመርን። እሳቸው እንዳይሳቀቁ ራሳችን ቀርፋፋ ሆንን። ደሳለኝ በየጉድጓዱ የጫማውን ክር ይፈታና ያስራል። እኔ ኳስ ጠፋብኝ እያልሁ ቁጥቋጦ እበረብራለሁ። ጥቂት ቀን ሠራ። አንድ አመሻሽ ላይ እንደለመድሁት ስፈልግ አያ ኪሮስ አቡነ ዘበሰማያትን አልጀመሩም። እያዘገሙ መጥተው ዱላቸውን ወደ ሱሪ ኪሴ ቀሰሩ።

«የምንፈልገው ይቺን ነው?»

ኪሴን ያሳበጠውን ኳስ ሦስታችንም አየነው። ደሳለኝ ሊስቅ ጀምሮ ተወው፤ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

«ልጆቼ፣ እኔ መቀርፈፌን አውቄዋለሁ» አሉ። «ቀርፋፋ ሰው ነውር የለበትም። ነውሩ ሰው ማስቆም ነው። ስትደርሱብኝ ጥግ እይዛለሁ፤ እናንተ እለፉ። በዚህ ከተስማማን እስከ ፈቀደልኝ ድረስ እዚህ እመጣለሁ። የምትጠብቁኝ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ዱላዬን እሰቅላለሁ። ሌላ ምን ቀርቶኛል? ይህችኑ አትንሱኝ።»

ቃል ገባንላቸው። እኔ፣ ሲስተር ዘውዴና ደሳለኝ። ቃላችንንም ጠበቅን፤ አልፈናቸው ስንሄድ እጃቸውን ዘርግተው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይስቃሉ። ያን ሰሞን ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ደሳለኝ ያን ቀን አዲስ የተመደቡ መምህራንን ጨዋታውን ሊያስተምር ይዞ መጥቷል። ስለ አያ ኪሮስ ሲያወራላቸው ሰንብቷል፤ ሜዳውን የፈጠሩት፣ ሕጉን ያመጡት እሳቸው ናቸው እያለ። እኔና አያ ኪሮስ ከፊት ነን፤ እነሱ ከኋላ ደረሱብን። አያ ኪሮስ ዘወር ብለው አዩና ጥግ ያዙ። እጃቸውን አንስተው ዘረጉ።

መምህራኑ አላለፉም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እጅ ነስተው፣ ባሉበት ተገትረው ቀሩ። አያ ኪሮስ እንደገና እጃቸውን አነሱ። መምህራኑ እንደገና እጅ ነሱ። ደሳለኝ በነዚያ ልጆች ፊት አንድ ሽማግሌ ጥሎ ማለፍ ከበደው፤ የገባው ቃል እንኳ ጠፋበት። ከሩቅ ሆኖ ጮኸ፦

«እርስዎን ጥለን? በሞቴ፣ ቀስ ብለው ይጫወቱ! እስኪመሽም ቢሆን እንጠብቃለን!»

«እለፉ ይላሉ!» ብዬ ጮህሁ። በደግነት ሳቁ፤ አንዳቸውም እግራቸውን አላነሱም። አያ ኪሮስ ለሦስተኛ ጊዜ እጃቸውን ዘረጉ፤ እጃቸው ተዘርግቶ ቆየ፤ ማንም አልተቀበለውም። ፊታቸውን ሳይ ደነገጥሁ። ሰው ሲሰድቡት እንኳ እንደዚያ አይሆንም።

ኳሳቸውን ሳያልሙ መቱት። ሊከተሉት ተነሱ። ሊሮጡ ፈለጉ፤ እግራቸው ግን አልታዘዘላቸውም።

«አያ ኪሮስ፣ ቀስ ይበሉ!»

«ሰው ቆሟል እኮ» አሉኝ ሳያዩኝ። «ሰው ቆሟል።»

ከመንገዱ ማዶ ክረምት የቆረጠው ትንሽ ቦይ አለ። አንድ እግራቸው ተሻገረ፤ ሌላው እዚያው ቀረ። ሲወድቁ ድምፅ አላሰሙም፤ ዱላቸው ነው ድንጋይ ላይ የጮኸው። ያን ጊዜ ከኋላ ያሉት ሁሉ ሮጠው ደረሱ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር።

በአክብሮት ነው የጣልናቸው። የተሻለ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ከመካከላችን ክፉ ያሰበ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም፤ ቢኖርማ እሱን ጠልቼ ይቀለኝ ነበር።

ደሴ ተወስደው ታከሙ፤ ተመለሱ፤ አልተነሱም። ቤታቸው በጠያቂ ተሞላ። ባለቤታቸው እትዬ ትርሐስ ወንበር አልበቃት ብሎ ከጎረቤት ታመጣለች። ሰዉ «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ይቀመጣል፤ ተቀምጦ ይውላል፤ ወጉ ነው። እሳቸው ግን በተቀመጠው ሰው ቁጥር ይጨነቃሉ፤ «ኧረ ሥራ ፈታችሁብኝ» እያሉ። ደሳለኝ በየቀኑ እየመጣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። አይናገርም፤ ቀና ብሎም አያያቸው። አንድ ቀን አስጠርተው እጁን ያዙት።

«ምን አጠፋህ? እንዳሳደጉህ ነው የሆንኸው። እኔም በአንተ ዕድሜ ብሆን እዚያው ነበር የምገተረው» አሉት። «ብቻ፣ ሁለተኛ ሽማግሌ እለፍ ሲልህ እለፍ።»

ደሳለኝ መዳፋቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ከዚያም በኋላ መምጣቱን አላቋረጠም።

በዚህ መሃል ዝውውሬ ተፈቀደ። ስንት ዓመት የለመንሁት ነገር በማልፈልገው ቀን መጣ። ሚስቴና ልጆቼ ፍኖተ ሰላም ሆነው ይጠብቁኛል፤ እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልሁ ሰነበትሁ። ለእትዬ ትርሐስ፣ «አያ ኪሮስ ትንሽ ይሻላቸው እንጂ አልሄድም» አልኋት። ነገረቻቸው ኖሯል፤ አስጠሩኝ።

በጣም ከስተው ነበር። ሳይጀምሩኝ እኔ ጀመርሁ። ባሕር ዳር ጥሩ ሐኪም እንዳለ፣ መኪና እንደምፈልግ፣ እኔው ራሴ ይዣቸው እንደምሄድ፣ ሳልተነፍስ አወራሁ። ስጨርስ ዓይናቸውን ጨፍነው አቡነ ዘበሰማያት መድገም ጀመሩ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቃሉን ግን አንድም አልዘለሉ፣ አልለጠጡትም። ገና መሃል ላይ ሳሉ ምን እያሉኝ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። «አሜን» አሉና ዓይናቸውን ገለጡ።

«አለቀ» አሉኝ። «ፈልጋችሁኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ተውት።»

ብርድ ልብሳቸውን አስተካከልሁላቸው።

«ዝውውርህ ተፈቅዷል አሉ።»

«ትንሽ ልቆይ ብዬ ነው።»

«ማንን ልትጠብቅ?»

እጃቸው ከብርድ ልብሱ ውስጥ ወጣ። እስከ ራሳቸው ማንሳት አልቻሉም፤ ደረታቸው ላይ ሲደርስ መዳፋቸውን ገልብጠው ወደ በሩ ዘረጉት። አልተነሳሁም። ወረደ። እንደገና አነሱት፤ ከፊተኛው ይበልጥ ይንቀጠቀጣል። ለሦስተኛ ጊዜ እንዳያነሱት ፈራሁ። ተነስቼ ግንባራቸውን ሳምሁ። በሩ ላይ ደርሼ ዞር ስል እጃቸው ገና አልወረደም ነበር። እንዲያወርዱት ብዬ ወጣሁ። በማግስቱም በወልዲያ አውቶቡስ ከሰቆጣ ወጣሁ።

ይህ ሁሉ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ በልቤ አለፈ። ሲስተር ዘውዴም አልዘጋችውም።

«ቀብሩ እንዴት ነበር?» አልኋት።

«በመስኩ ነው ያለፍነው፤ ሌላ መንገድ መች አለ? ሽመሎቹ እንዳሉ ናቸው። ቄሶቹ እዚያ ቆመው ፍትሐት ሊያደርሱ ነበር። ደሳለኝ ከለቀስተኛው ተለይቶ ወጣ።»

«ምን ሊያደርግ?»

«ጥግ ይዞ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። እጁን እንደሳቸው አነሳና ዘረጋው። ‹ይለፉ አያ ኪሮስ፤ ከኋላ ማንም አልቆመም› አላቸው። አስከሬኑ ሳይቆም አለፈ። ቄሶቹም ዝም አሉ።»

ተሰናብተን ዘጋን። ተነስቼ ወደ መስኮቱ ሄድሁ። እዚህ ከመስኮቴ የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮ ነው እንጂ መስክ የለም። ቀኝ እጄን እስከ ራሴ አነሳሁ። እኔም እንደ ደሳለኝ ላሳልፋቸው ፈልጌ ነበር፤ ወደ ፊት መዘርጋቱ ግን አቃተኝ። እንዲያ እንደሆንሁ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

«ጌታዬ» አለ አንድ ድምፅ። ዞር አልሁ። በሩ ላይ ጋቢ የለበሱ ባለጉዳይ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ከጀርባቸውም ሁለት ሰዎች። «ሥራ ላይ ከሆኑ እንጠብቅ?»

«አይጠብቁ» አልኋቸው። እጄ ገና አልወረደም ነበር። መዳፌን ገለበጥሁና ወደ ወንበሩ ዘረጋሁት።